ስም የሌለው መርዶ

በእኛ ሬዲዮ ጣቢያ ከሁሉም በላይ የሚደመጠው ዜና እንዳይመስላችሁ። ዜናውን የምንሰማው እኛው ሠራተኞቹ ነን፤ እኛም ብንሆን ደመወዝ ስለሚከፈለን ነው። አሶሳና በዙሪያዋ ያለ ሰው ሬዲዮኑን የሚከፍተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የቀብር ማስታወቂያ ሲነበብ ነው። ማን አረፈ፣ የማን አባት፣ የማን ወንድም ነው፣ የት ነው የሚቀበረው? ይህን የማነበው እኔ ነኝ። ኦብሴ እባላለሁ። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ በድምፄ ያልተቀበረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ስንት ነው ስል፣ ሻጯ ዋጋውን ከመንገሯ በፊት ክው ብላ «ደግሞ ማን ሞተ?» ትለኛለች።

ሌላ አገር ይህ ነገር ወግ ብቻ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ሙስሊሙ ሬሳ አያሳድርም፤ ንጋት ላይ ያረፈ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት። በሆሞሻ መንገድ ባሉት መንደሮች ደግሞ ኔትዎርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ለሳምንታት ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ጥሎ ይጠብቃል። የዘመዱን ስም ከሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይነሳል፤ ካልሰማ ወደ ሥራው ይመለሳል። «ኦብሴ ካልጠራችው አልሞተም» ይላሉ ሲቀልዱ። ቀልድ ይምሰላቸው እንጂ የሚያምኑት እንዲሁ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ምንያህል ይባላል። ወደ እኛ የመጣው ከአንድ ቢሮ የሰው ኃይል ክፍል ነው፤ ሬዲዮ ማዳመጥ የጀመረው ከተሾመ በኋላ ይመስለኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፋትም የራሱ ድፍረት ይፈልጋል፤ እሱ ያንንም አልታደለም። ከወንበሩ ሊያስነሳው የሚችል ነገር ሁሉ ያስፈራዋል፤ ሊያስነሳው የማይችል ነገር ደግሞ እስካሁን አላገኘም። በሥልጣን ሳይሆን በዕድሜ ስለምበልጠው አንተ እለዋለሁ። እሱ በደህና ቀን «ኦብሴ» ይለኛል፣ ሲፈራ «እትዬ ኦብሴ»። በምርጫው ሰሞን «እትዬ» ሳልባል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መመሪያው የመጣው ያኔ ነው። በጥሞናው ጊዜና በምርጫው ዕለት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቅስቀሳ ክልክል ነው፤ ዕጩ ማወደስም ማንቋሸሽም ክልክል ነው ይላል። በዚህ ጠብ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። ሰው ተሰልፎ እያለ አንዱ ማይክ ይዞ «አሸንፈናል» ብሎ ቢለፍፍ ምን እንደሚከተል በዚህ ክልል ለኖረ ሰው አይነገረውም። የበርትኛ ፕሮግራም አዘጋጃችን ሙንታሲር ግን አልተዋጠለትም። ጊቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠን ተጨቃጨቅን። ሬዲዮ ዝም ሲል ሰው ዝም የሚል ይመስልሻል ወይ አለኝ፤ እኛ ዝም ባልን ቁጥር ወሬኛው ነው የሚናገረው፣ እሱ ደግሞ መመሪያ አይደርሰውም። አንድ ቀን ዝም ብንል አንሞትም ብዬ አፉን አስያዝኩት። ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ያልገባኝ ነገር፣ መመሪያው እኛ ዘንድ የሚደርሰው በምንያህል በኩል መሆኑ ነው። መመሪያው ቅስቀሳ ይከለክላል፤ ምንያህል ቅስቀሳ ሊያስታውስ የሚችለውን ሁሉ ከለከለ። ከግል ዕጩዎቹ የአንደኛው የምርጫ ምልክት ጃንጥላ ነበር። ስለዚህ የአየር ጠባይ ዘገባ ቀረ። ሰኔ ነው፣ አሶሳ ላይ ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚዘንበው፤ ሆኖም ዝናብ ካልን ሰው ጃንጥላ ያስባል፣ ጃንጥላ ካሰበ ዕጩውን ያስባል። ይህን ሲያስረዳን አልሳቀም። ቀጥሎ በርትኛውን፣ ጉሙዝኛውንና ሺናሽኛውን ፕሮግራም ለዕለቱ አገደ። ለምን ብንለው፣ «በማልሰማው ቋንቋ ምን እንደምትሉ በምን አውቃለሁ?» አለ። እዚህ አገር ልጆች ወልዶ አሳድጎ፣ በበርትኛ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አለማወቁ የሚያሳፍረው ሰው ሌላ ነው፤ እሱን አላሳፈረውም።

በምርጫው ዕለት ጠዋት ቢሮ ስገባ ጣቢያው ዘፈን አልባ ሙዚቃ እያሰማ ነበር። ጎን ያለው ትምህርት ቤት ምርጫ ጣቢያ ስለሆነ ሰልፉ አጥሩን ተከትሎ እኛ በር ድረስ ደርሷል። ዝናቡ ይወርዳል። አስተባባሪዎቹ ከእኛው ሥራ አስኪያጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ይመስል፣ ጃንጥላ የያዘውን ሁሉ እያሳጠፉ ያስቀምጡታል። ዴሞክራሲያችን እየተንጠባጠበ ቆሟል።

ጣሂራ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ አባቷ አልበሽር ሐምዳን ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ባለ ጃንጥላው ዕጩ እሳቸው ነበሩ። የተወዳደሩት በሆሞሻ መንገድ ላይ ድልድይ ይሠራ ለማለት ነው፤ እንደማያሸንፉ ከሁሉም በፊት የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው፣ ሱቃቸው ውስጥ ለደንበኛ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ልብሷ ከሰውነቷ ተጣብቋል። አባቷ የንጋቱን ሶላት ሰግደው፣ ከሁሉ ቀድሜ ልምረጥ ብለው ጫማቸውን ሲያስሩ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

የቀብር ማስታወቂያውን ጽፋ ይዛ መጥታለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለምነኝ።

«እትዬ ኦብሴ፣ ሆሞሻ ያለችው አክስቴ ሳሊማ ስልክ የላትም። እናቱ በወሊድ ስትሞት አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት። ፊቱን ሳታየው ከቀበርነው እሷንም እንደቀበርናት ቁጠሪው። ሦስት ሰዓት ላይ ከሰማች ትደርሳለች።»

ትደርስ ነበር። በዕለቱ ሞተርም ባጃጅም ከከተማ እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ መኪናው ሁሉ የምርጫ ኮሮጆ ይዞ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሄዶ የሚያረዳት ሰው የለም። ከድንበሩ ከኩርሙክ ጭነት ይዘው በሆሞሻ በኩል ወደ አሶሳ የሚገቡት መኪኖች ግን መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ይጭናሉ። ስሙን አንድ ጊዜ መጥራት ነው የሚበቃው። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የጠየቀኝ ሐዘንተኛ የለም። ወረቀቱን ተቀብዬ አይዞሽ ብዬ ወደ ቤቷ ላክኋት። ሬሳው መታጠብ አለበት፣ መገነዝ አለበት።

ወረቀቱን ምንያህል ሳያየው መግባት አልችልም፤ በዚያ ቀን ወደ ስቱዲዮ የሚገባ ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው። አነበበው። ስሙ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሰውዬው ዕጩ ናቸው» አለኝ።

«ነበሩ» አልኩት። «አሁን ሬሳ ናቸው።»

«ስማቸው የድምፅ መስጫው ላይ አለ እኮ እትዬ ኦብሴ። ሞተዋል ብዬ ባስነግር አትምረጧቸው ማለቴ ነው።»

«እና ሰው ሬሳ ሲመርጥ ይዋል?»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ። «ምንም እንዳልል ነው የታዘዝኩት።»

ታዝዞ ከሆነ የታዘዘው እንዳይቀሰቅስ ነው፤ ሬሳ ደግሞ አይቀሰቀስለትም። ይህን ብዬ ስጮህበት የሚመለከታቸው ጋ ልደውል አለ፣ ደወለም። ስልኩን ያነሳው ሰው ሥራ በዝቶበት ሳይሆን አይቀርም፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንኳ ሳይሰማ «እንደ አግባቡ ፈጽሙ» ብሎ ዘጋው። ለደፋር ሰው ይህ ፈቃድ ነው። ምንያህልን እንደ አግባቡ ፈጽም ማለት ግን ዋና የማያውቅ ሰው ወንዝ ውስጥ ጨምሮ እንዳሻህ ሁን ማለት ነው። ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ ፊቱ በራ። ባወቅሁት ዘመን ሁሉ ምንያህል አንድ ሐሳብ ሲመጣለት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ባይመጣለት ይሻል ነበር። ማስታወቂያው ይነበባል አለ፣ ቤተሰቡም አይከፋም፣ መመሪያውም አይጣስም። ስሙን እናውጣው። እስክሪብቶውን አንስቶ አልበሽር ሐምዳን የሚለውን ሰረዘ። የጣሂራን ስም ሰረዘ፣ የዕጩ ልጅ ናትና። ሳሊማን ሰረዘ። ሆሞሻን ሰረዘ፣ የምርጫ ክልሉ ነውና። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የሚለውን ሰረዘ። መስጊዱንና የሙስሊም መቃብሩን ሰረዘ፣ ሃይማኖት ከጠቀስን ማን እንደሆኑ ይታወቃል አለ። የቀብር ማስታወቂያ ማን እንደሆኑ እንዲታወቅ የሚነገር ነገር መሆኑን ብነግረው አልሰማኝም። የቀረውን ወረቀት ሰጠኝ።

አላነብም አልኩት። እንዲያው ለማለት ያህል አይደለም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁና ማንጎው ሥር ሙንታሲር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሙንታሲር በታገደው ፕሮግራሙ ፈንታ የወደቀ ማንጎ እየበላ ነበር። ለእኔም አንድ ሰጠኝ። በማጉያው የሰማነው የምንያህልን ድምፅ ነው። ራሱ ሊያነብ ገብቷል።

«ነዋሪነታቸው በአሶሳ ከተማ የነበረ አንድ አባት ዛሬ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይፈጸማል። የሚመለከታችሁ ዘመዶችና ወዳጆች እንድትገኙ ቤተሰባቸው ጥሪውን ያቀርባል።»

ሙንታሲር ማንጎውን ከአፉ አውጥቶ አየኝ። የሚመለከታችሁ። አንድ አባት። በዚህ ሬዲዮ ክልል ውስጥ አሶሳ የሚኖር አባት፣ አጎት፣ አማች፣ ታላቅ ወንድም የሌለው ሰው ማን ነው? ምንያህል በአንድ ትንፋሽ የከተማውን ሽማግሌ ሁሉ ገደለው።

ሰው የደረሰው እኩለ ቀን ሳይሆን ነው። መጀመሪያ የመጣው አምባ አስራ አራት የሰፈራ መንደር የሚኖር ሞላ የሚባል ገበሬ ነው፤ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ። አማቹ አቶ የሻው ከተማ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ጋቢውን አገልድሞ፣ ደረቱን እየመታ፣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ «አባብዬ፣ አባብዬ» እያለ ሲመጣ አቶ የሻው በእኛ አጥር ሥር ሰልፍ ይዘው ቆመዋል። ከንጋት ጀምሮ ቆመው ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ለመድረስ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር የቀራቸው። ሞላ አያቸውና ተጠመጠመባቸው። ሲያለቅስ፣ ሲስም፣ እግራቸው ላይ ሲወድቅ ወረፋቸው አለፈ። ሽማግሌው በጣም ተቆጡ፤ በሕይወት በመገኘትዎ ይቅርታ ይጠይቁ የተባሉ ነበር የሚመስሉት።

ከሞላ በኋላ መቆሚያ ጠፋ። ሂርጳ የሚባል ሰው አጎቴ ነው ብሎ ከባምባሲ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች በጭነት መኪና ይዞ መጣ። በየመንደሩ ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው ምርጫውን ጥሎ ነው የተነሳው፤ ለመምረጥ ሌላ ጊዜ አለ፣ አባት ግን አንዴ ነው የሚቀበረው። ሁሉም የሚያውቀው አድራሻ አንድ ነው፣ መርዶውን የነገረው ሬዲዮ። በራችን ላይ ቆመው ይጠይቃሉ። ማነው ይላል አንዱ፣ ኤኙ ይላል የወለጋው፣ ሚኑ ይላሉ የሆሞሻ ሴቶች። ሌላው ይጮሃል፣ ሌላው ያለቅሳል። የትምህርት ቤቱ ታዛቢዎች ወጥተው ግራ ገብቷቸው ያያሉ። ከተማው ጸጥ እንዲል ተብሎ የተሰረዘ አንድ ስም በከተማው ውስጥ ትልቁን ሰልፍ አስወጣ፤ እሱም ለምርጫው አልነበረም።

ምንያህል እኛንም አስገብቶ በሩን ከውስጥ ቆልፎ በመስኮት ይመለከታል። ስሙን ንገራቸው ስለው፣ የዕጩ ስም ለሕዝብ ስብሰባ መናገር ቅስቀሳ ነው አለኝ፤ ያውም ምርጫ ጣቢያ አጠገብ። ፖሊስ መጣ። ሳጅኑ ነገሩ ምንድነው ቢለው ምንያህል በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ስሙን በጆሮው ነገረው። ሳጅኑም ያንን ምስጢር ይዞ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ውጭ ጭቃው ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። ልጃቸው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳልሞተ ግን አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማውቀው፣ ምንያህል ነው የሚያውቀው፣ ሳጅኑ ነው የሚያውቀው፣ እሳቸው ያለቅሳሉ። ቁልፉን ከምንያህል እጅ ነጥቄ በሩን ከፈትኩ።

ማይክ አልያዝኩም። እንደ ሁልጊዜው፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንደማነበው አድርጌ ተናገርኩ።

«ያረፉት አቶ አልበሽር ሐምዳን ናቸው። የጣሂራ አባት፣ የሳሊማ ሐምዳን ወንድም። ቀብራቸው ከአስር ሶላት በኋላ በሙስሊም መቃብር ነው።»

 ከኋላዬ ምንያህል ቴክኒሻኑን «አየር ላይ አይደለም፣ አይደል?» እያለ ሲጠይቅ ይሰማኛል። አሮጊቷ ተነስተው ጭቃቸውን አራገፉና አልሐምዱሊላህ ብለው፣ ወዲያው አፍረው አልበሽርን ይማርልን አሉ። ሰው የእኔ አይደለም ብሎ ደስ ሊለው ሲል የእገሌ ነው እያለ ያፍራል። ከዚያ የሆነውን ምንያህል ሊያዝዝ ቢሞክር አይሆንለትም ነበር። የሐዘን ልብሱን ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እስከዚህ ድረስ ለቅሶ ብሎ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ሞላ አቶ የሻውን ደግፎ ሄደ። ሂርጳ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች አስከትሎ ሄደ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። አሶሳ ውስጥ ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ ያን ያህል ሰው ወጥቶ አያውቅም፤ ግማሹ በሕይወታቸው አይቷቸው አያውቅም።

የሆሞሻ ሴቶች መሀል ግን ሳሊማ አልነበሩም። ጣሂራ አንድ በአንድ እያየች ጠየቀቻቸው። ሰልፍ ላይ ትተናቸው መጣን አሉ። ቀጣዩ መኪና ያመጣቸዋል ተባለና ሬሳው መስጊዱ ጊቢ ውስጥ ተጠበቀ። የአስር ሶላት ተሰገደ። ከኩርሙክ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ጣሂራ እስከ መንገዱ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ኢማሙ ደግ ሰው ናቸው፤ እንጠብቅ ያሉት እሳቸው ናቸው። ግን ዝናቡም ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ ፀሐይም አትጠብቅም። መጨረሻ ላይ የጣሂራን ፊት ሳያዩ «ልጄ፣ በቃ» አሏት። ቀበሩ። ጣሂራ አፈሩ ሲመለስ እንኳ የምታየው መንገዱን ነበር።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ምርጫው ያልቃል፣ ያኔ ስሙን አነባለሁ ብዬ ጣቢያው ተመልሼ ነበር። አላለቀም። ጠዋት ሰልፉን በትኖ የሄደው ሰው ከቀብር ተመልሶ እንደገና ስለተሰለፈ ሰዓቱ ተራዘመ። ሰልፉን የበተነው ማን ነው? ምንያህል። ሰዓቱ ስለተራዘመ ስሙን አታነቢም ያለኝስ? ራሱ ምንያህል። እንዲህ ሲሆን ሰው መሳቅ ነው ማልቀስ ያለበት አላውቅም፤ እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ቤቴ ገባሁ።

ስሙን ያነበብኩት በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ አባትየው አንድ ሌሊት መቃብር ካደሩ በኋላ። ሙንታሲርም በበርትኛ አነበበው።

ውጤቱን ልንገራችሁና ልጨርሰው። አልበሽር አላሸነፉም፤ በሕይወት ቢኖሩም አያሸንፉም ነበር። ጣቢያችን በምርጫው ዕለት አንድም የመመሪያ ጥሰት ሳይገኝበት በመዋሉ የምስጋና ወረቀት ደርሶታል። ምንያህል መስታወት አስለብሶ ቢሮው ውስጥ ሰቅሎታል። ከሥሩ ሲቀመጥ ቀና ብሎ ነው የሚቀመጠው። እኔ እዚያ ቢሮ የምገባው ሲጠራኝ ብቻ ነው።

የምነግራችሁ ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ስሙን አንብቤ እንደጨረስኩ ወደ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ጊቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ሰው ተቀምጧል። ትንሽ ቆይቶ በራፉ ላይ የኩርሙክ ጭነት መኪና ቆመና ሁለት ሰዎች አንዲት ቀጭን አሮጊት ደግፈው አወረዱ። ጣሂራ ሮጣ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ሐቦባ ሳሊማ ነበሩ፤ ልጆቹ ሁሉ ሐቦባ ነው የሚሏቸው፣ አያት እንደማለት። አላለቀሱም። ወንድማቸው ይቀመጥበት የነበረውን ምንጣፍ አሳዩኝ ብለው ሄደው ከጎኑ ተቀመጡ። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ላይ የምርጫው ቀለም አለ፣ ገና አልደበዘዘም።

ማን እንደሆንኩ ነገሯቸው። ሐቦባ ሳሊማ በአማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ ለእኔ ብለው ነው በአማርኛ ያሉት።

«እኔ ሰልፍ ቆምኩ። ሬዲዮ ተናገረች፣ አሶሳ ሰው ሞተ። ሴቶች ተነሳ፣ ሄደ። ሳሊማ ነይ፣ አልበሽር ይሆናል አሉኝ። አይ አልኩ። አልበሽር ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ወረቀት ላይ ጃንጥላ አለው። አልበሽር ከሞተ ኦብሴ ስሙን ትጠራለች። ይሄ ስም የለውም፣ ምስኪን ነው፣ ሰው የለውም አልኩ።» ቀለም ያለበትን ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ቆዩ። «ለሱ ዱዓ አደረግሁ። ሰው ለሌለው ሰው። ከዚያ ገባሁ፣ አልበሽርን መረጥኩ።»

ጣሂራ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ከቀብሩ ጀምሮ ይዛው የቆየችው ሁሉ ወጣ። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ ድምፄን ሳላወጣ ማልቀስ ከሥራዬ ጋር የተማርኩት ነገር ነው፣ ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

ምንያህል የመጣው በዚህ መሀል ነው። ለቅሶ መድረስ ባህላችን ነው፤ ደግሞም ምርጫው አልቋል፣ ሟች አሁን ዕጩ አይደሉም፣ ምንም አይከለክለውም። እንዲያውም ዝናቡን ፈርቶ ጃንጥላ ይዟል። ጃንጥላውን አጥፎ በሩ ላይ አቆመና ለተቀመጠው ሁሉ እጅ እየነሳ ገባ። ወንበር ሰጡት። ማን መሆኑን ያላወቁ ሰዎች እንዳሉ ሲያይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ራሱን አስተዋወቀ።

«ምንያህል እባላለሁ። የሬዲዮ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነኝ። አላህ ያጽናችሁ።»

ሐቦባ ሳሊማ ቀና ብለው አዩት። ያልተናገሩት በርትኛ ሁሉ ፊታቸው ላይ አለ፤ እሱ ግን ማንበብ አይችልም።

«አንተ ስም አለህ» አሉት።

 ሰው ሁሉ ወደ ምንያህል ዞረ፣ ምንያህል ወደ እኔ ዞረ። እኔ አንድ ነገር እንድልለት ነው የጠበቀው።

«እትዬ ኦብሴ» አለ ቀስ ብሎ።

እንደ አግባቡ ዝም አልኩ።